ሐውልቱ ይቆየን

ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ በያላችሁበት፤ ይልቁንም ወላይታ፣ ዲምቱ ላይ ቤቱን ይዛችሁ ለቀራችሁት፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደኅና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ይህን ዐረፍተ ነገር ከሀገር የወጣ ሁሉ ስለሚጽፈው ማንም ከልቡ እንደማያነበው ዐውቃለሁ፤ ያለ እሱ የተጀመረ ደብዳቤ ግን ሳያንኳኳ እንደገባ እንግዳ ይቆጠራል። ስልክ እያለ ወረቀት ማንሣቴም ያለ ምክንያት አይደለም። በስልክ ክርክር ሲጀመር "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" የሚል ወንድም አይጠፋም፤ የወረቀት ኔትወርክ ግን አንባቢው ካልቀደደው በቀር አይቆረጥም።

ጉዳዬ የእናታችን ሐውልት ነው። እብነ በረድ ይሁን ወይስ ሴራሚክ፣ ፎቶዋ በነጠላ ይሁን ወይስ ያለ ነጠላ፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ይድረስ ወይስ ለሙት ዓመቷ የሚለው ሙግት እንደ ቢላቴ ወንዝ ሲሞላ ሲጎድል ሰንብቷል። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሐውልቱ ይቆየን። እናት ስትሞት ቤተሰብ የሚያጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንድ የሥራ መደብም ክፍት ይሆናል። መደቡ ሳይሞላ ለቀድሞዋ ሠራተኛ ሐውልት ማቆም፣ አስተማሪ ሳይቀጠር የትምህርት ቤቱን አጥር ቀለም እንደ መቀባት ነው። ማስታወቂያ ቢወጣለት እንዲህ የሚል ይመስለኛል፤ የሥራው መጠሪያ እናት፤ የሥራ ቦታ ጓዳ፣ ሆኖም ስልክ የሚሰማበት ጥግ፤ የሥራ ሰዓት ያልተወሰነ፤ ተፈላጊ ችሎታ የልጆችን ሁሉ ኩርፊያ በቃል መያዝና የአንዱን ለሌላው አለመናገር፤ ደመወዝ በስምምነት። ስምምነቱ ሁልጊዜ ነበረ፣ የጎደለው ደመወዙ ነው። አመልካች ይገኛል ብዬ አልጠብቅም።

ይህን ሥራ "ሥራ" ብዬ ስጠራው ስደት ያስተማረኝ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። ካሮሊን ሮዘንታል የተባለች ካናዳዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ዘመድን ከዘመድ የሚያገናኝ፣ የሚደውል፣ የሚጽፍ፣ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዳለ፣ ይህም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት እንደሆነች፣ እናት ስትሞትም ሥራው ብዙውን ጊዜ ወደ ሴት ልጅ እንደሚተላለፍ አሳይታለች። ወላይታ ውስጥ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ያገኙት ቤት ገብቶ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ መቀመጥ ይበቃል። ልዩነቱ ምሁሯ ሠሪዎቹን በሕይወት ሳሉ መቁጠሯ ነው። እኛ ሥራ መሆኑ የሚገባን ሠሪዋ ከተቀበረች በኋላ ነው።

የእናት ሥራ ወሬ ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሬዲዮ ይተካት ነበር። ዋናው ሙያዋ ማረም ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ከአንድ ማሕፀን ኩርፊያ የሚወድም ቀልድ የሚወድም ይወጣል። ሐዋሳ ያለው ልጅ ስለ ሶዶው ልጅ ክፉ ሲናገር ትሰማለች፤ ለሶዶው ግን "ወንድምህ እንዴት ነው እያለ ጠየቀኝ" ብላ ታደርሳለች። የሶዶው ልጅ ልቡ ይራራና ሰላምታ ይልካል፤ የሐዋሳውም በተራው ያፍራል። ሁለቱ መጣላታቸውን ሳያውቁ ይታረቃሉ። በጋዜጠኞች ቋንቋ ይህ ሐሰተኛ መረጃ ይባላል፤ በቤተሰብ ቋንቋ ግን ስሙ ሰላም ነው። በየትኛውም አገር የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ፈቃዷ የሚሰረዝ አዘጋጅ፣ ቤቱን አርባ ዓመት አቁማው ትኖራለች።

ወሬን በወቅቱና በልኩ ማድረስ ጥበብ እንደሆነ ባህላችን ያውቃል፤ ማስረጃው መርዶ ነው። የወላጅ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰዎች ይመካከራሉ፣ ይሰባሰባሉ፣ ንጋት ላይ ሄደው በአካል ያረዳሉ። ይህ ሥርዓት ባሕር ተሻግሮ እዚህ ድረስ መጥቷል። ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ ሱቅ ይዞ የሚኖር የደቡብ ልጅ ገና ሳይነጋ በሩ ሲንኳኳ ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው ዘራፊ ነው። ሁለተኛው ሦስት አራት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጡ የሀገር ልጆች ናቸው። ከሁለቱ ዘራፊውን የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ዘራፊ ቢበዛ የሱቁን ዕቃ ነው የሚወስደው። እንግዲህ አንዱን ቃል ለመናገር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ ከዚያ ቃል በኋላ ለሚመጣው ኑሮ ምንም ሥርዓት አላበጀም። እድር የሚያውቀው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ጥቂት ቀናትን ነው። እድርን መንቀፌ አይደለም፤ በነዚያ ቀናት የሚሠራውን የትኛውም መሥሪያ ቤት አይሠራውም። ድንኳኑ ሲነሣ ግን የቤተሰቡ ወሬ አራሚም አብራ እንደተነሣች የሚመዘግብ የእድር ጸሐፊ የለም።

ሕጉም ቢሆን አልረዳንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 ልጆችን የመጀመሪያ ወራሾች ያደርጋል፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዕዳው እንኳ ሳይቀር የሚመልሰው አለው። ቅዳሜ ማታ ማን ለማን እንደሚደውል ግን አንድ አንቀጽ አልጻፈም። ስለዚህ ወራሽ ሁሉ ላሟን ቆጥሮ፣ ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ላሟን ስታልብ የሁላችንንም ስም የምትጠራው ሴት ሥራ ያለ ወራሽ ይቀራል።

ምሳሌ ካስፈለገ ከጓሮ ላምጣ። ዲምቱ ቆላ ቀመስ ናትና እንሰት እንደ ዳሞታ ግርጌ አይደላውም፤ ቢሆንም እንዴት እንደሚባዛ የማያውቅ የወላይታ ገበሬ አላውቅም። ገበሬው ዘር አይበትንም። እናቲቱ እንሰት ከሥሯ ትቆረጥና አሚቾ የሚባለው ወፍራም ሥሯ መሐል ላይ ያለው እምቡጥ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ፍግና አፈር ይደረግበትና ይቀበራል። ከወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላል። እዚህ ላይ ሰባኪ ቢሆን "አያችሁ፣ እናት ወድቃ ልጆች ይነሣሉ" ብሎ ያስለቅሳችሁ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ የሚቀጥለው ነው። ችግኞቹ በፈሉበት ቢተዉ ተፋፍገው ይቀጭጫሉ፤ ስለዚህ ይለያያሉ፣ ይተከላሉ፣ አደግ ሲሉ እንደገና ቦታ ይለወጥላቸዋል፣ ለቆጮ እስኪደርሱም ዓመታት ይፈጃሉ። መቅበሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ድካሙ ከዚያ በኋላ ነው። አሚቾ ቀብሮ ላዩ ላይ እብነ በረድ ያቆመ ገበሬ እስካሁን አልተሰማም።

ጊፋታንም ተመልከቱ። ወንዶች ለበሬው ይቆጥባሉ፣ ሴቶች ለቅቤው። በሬው ሲገዛ ይታያል፣ ሲታረድ ይጨበጨብለታል፣ ሲከፋፈል ይጨቃጨቁበታል፣ ከተበላ በኋላም ስለ ስቡ ይወራለታል። ቅቤው ግን በትንሽ በትንሹ፣ ማንም ሳያየው፣ ወራት ሙሉ ይጠራቀምና ሙቹዋ የሚባለው የበዓሉ ምግብ ላይ ቀልጦ ይጠፋል። ሙቹዋው ያለ ቅቤ ሲቀርብ ብቻ ነው ሰው ቀና ብሎ "ምን ጎደለ?" የሚለው። ሐውልት የበሬ ወገን ነው። እኔ የምሟገተው ለቅቤው ነው።

አሁን የምትሉኝን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። "የቴሌግራም ግሩፕ አለን" ትላላችሁ። ግሩፑ ያደርሳል እንጂ አያርምም። አንዱ ተናዶ የጻፈውን ሁላችንም በአንድ ሴኮንድ እናነበዋለን፤ እናት ብትሆን ሦስት ቀን ታሳድረውና ግማሹን ጥላ፣ ግማሹን በቅቤ ለውሳ ነበር የምታወጣው። የአበባ ሥዕልና "መልካም ቀን" መላክም እንደ መደወል አይቆጠርም፤ አበባው ለሁሉም አንድ ነው፣ የእናት ጥያቄ ግን ለእያንዳንዱ በልኩ የተሰፋ ነበር። "ታላቅ እህታችን አለች" የምትሉ ወንድሞችም አላችሁ። ይህ ክርክር ሮዘንታልን ያስቃታል እንጂ አያስደንቃትም። እህታችን የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጆችና የራሷ ሐዘን አላት፤ የሟችን ሥራ ሳትጠየቅ መጫን ሹመት ሊባል አይችልም። ወንድ ልጅ ስልክ መደወል አይችልም የሚል የሐኪም ወረቀት አላየሁም፤ የእግር ኳስ ውርርድ ሲሆን ጣቱ ደኅና ይሠራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ "ግንዱ ከወደቀ ቅርንጫፉ መበተኑ አይቀርም" የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከዚያው ከወላይታ ይገኛል። ወንጌል ሊሰብክ ከውጭ የመጣ የሚስዮናውያን ቡድን ሶዶ የደረሰው በ1928 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 ተባረረ። ትቷቸው የሄደው ምእመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ብዙ ሰው ያ እምነት በዚያው ያበቃል ብሎ ነበር። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የምእመናኑን ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ወላጆቹ በሌሉበት ያን ያህል ያበዛቸው ሕንጻ ወይም ሐውልት አይደለም፤ ከቤት ቤት መሄድ፣ መጠያየቅ፣ ለታሰረ ስንቅ ማድረስ፣ የሩቁን ወሬ ለቅርቡ ማድረስ ነው። አያቶቻችን ያለ ስልክ፣ በእግር፣ በወራሪ ጦር መሐል ያደረጉትን እኛ ካርድ ሞልተን እንዴት ያቅተናል?

በዚህ ላይ ደግሞ "ሙታንን መዘከር በቤተ ክርስቲያናችን የለም" የሚል ይነሣል። ልክ ነው፤ እኔም ተዝካር አልጠየቅሁም። ያልኩት በሕይወት ያላችሁት እንድትደዋወሉ ነው። እናትና አባትን ስለማክበር የታዘዘው ቃል ደግሞ በቀብር ቀን ያበቃል የሚል ትርጓሜ ከማንም ሰባኪ አልሰማሁም።

የመጨረሻው ተቃውሞ በግሩፑ ላይ ያልተጻፈው፣ ግን የሚታሰበው ነው፤ "ገንዘብ ላለመላክ ፈላስፋ ሆነ።" የሐውልቱን ድርሻዬን ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ልኬያለሁ፤ ክርክሬ ከኪስ እንዳልመነጨ ማስረጃ ይሁነኝ። ይልቅ ገንዘብ መላክ ቀላሉ መሆኑን ከተላከበት አገር ሆኖ የሚያየው ይበልጥ ይረዳዋል። ለዚህም ምሳሌ አለኝ፤ አሜሪካ ውስጥ አና ጃርቪስ የተባለች ሴት እናቷ በ1905 እ.ኤ.አ. ስታርፍባት ለእናቶች አንድ ቀን እንዲሰየም ታገለች፤ በ1908 በዌስት ቨርጂኒያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተከበረ፣ በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን አወጁት። ወዲያው አበባ ሻጩና ካርድ አታሚው ቀኑን ወረሱት። ጃርቪስ የቀረ ዕድሜዋን ያቋቋመችውን በዓል በመቃወም ፈጀችው፤ የታተመ ካርድ መላክ ለእናት ሁለት መስመር ለመጻፍ መስነፍ ነው ብላ ትቆጣ ነበር። በ1948 ስትሞት ካርዱ አሸንፏት ነበር። እብነ በረዱም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም፤ ከባድ ካርድ ነው።

ስለዚህ ተራ እናውጣ። ሁሉም ለሁሉም መደወል የለበትም፤ እናትም እንደዚያ አላደረገችም። በሳምንት አንድ ሰው ለአንድ ሰው ይደውል፤ የሰማውን መልካም ነገር ለሦስተኛው ያድርስ፣ ክፉውን ያሳድር። እኔ እሑድን ይዣለሁ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶች "ሌሊት ነበር" ብለው ያመልጣሉ፤ የዲምቱና የጆሃንስበርግ ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እኔ የማመልጥበት የለኝም። በወላይትኛ እናታችንን "አዬ" ብለን ነበር የምንጠራት፤ አማርኛ ደግሞ ይህንኑ "አዬ" ለሐዘን ይጠቀምበታል። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እዚህ ማታ ሱቁን ቆልፎ ሲተነፍስ የትኛውን እንዳለ ራሱም አይለየውም። እሑድ ስደውል "አዬ" ብዬ ከጀመርኩ አትደንግጡ።

ወንድማችሁ

ማሳሰቢያ፦ ምክሬን ትታችሁ ሐውልቱን ካሠራችሁም ፎቶውን በግሩፑ ላይ አትልቀቁ። አንዳችሁ ደውላችሁ ከፍታውን፣ ቀለሙን፣ ማን ማን እንደተገኘ ንገሩኝ። ማን እንዳኮረፈ ግን አትንገሩኝ።