ሁለት በር ለጳውሎስ ሠፈር

ጳውሎስ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ሆስፒታሉ ቅርብ ነውና ከጎጃምም ይነሳ ከሰላሌ፣ ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ የሚደውለው ለእኛ ነው። አንዱ «ካርድ አውጣልኝ» ይላል፣ ሌላው «ቀጠሮዬን አረጋግጥልኝ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይል ማታ በር ያንኳኳል። በመስከረም 2008 የአገሪቱ የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እዚሁ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተደረገ ወዲህማ ስሙ ያልደረሰበት ገጠር የለም፤ የእኛም ቤት የእንግዳ ፍራሽ ተጠቅልሎ አያውቅም። ይሁንና ዛሬ የተነሳሁት ስለ ሕክምና ልጽፍ አይደለም፤ ስለ ስፖርት መኪና ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ትንሽ ታገሱኝ።

መኪና ልገዛ መሆኔ በተሰማ ጊዜ ሠፈሩ በአንድ ድምፅ «ቪትዝ!» አለ። ቪትዝ ቤንዚን አትጨርስም፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ ሞልቷል፣ ልሽጣት ስትል ደላላው ቤትህ ድረስ ይመጣል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሁለት በር መኪና ላይ ነው። አያቴ ሰጋር በቅሎ ሲገዙ «ስንት ኩንታል ትጭናለች?» ብለው አልጠየቁም፤ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?

ደላላው ሁለት አገኘልኝ። አንደኛዋ በፈረንጅ የ2001 ቶዮታ ሴሊካ፣ ሁለተኛው የ2003 ሃዩንዳይ ኩፕ። ሦስተኛ እንዲጨምርልኝ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ ሌላ ከየት ላምጣልህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጭኖ የዱባይን መንገድ አጠበበው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት የቤንዚን ኩፖች ያው ያሉት ናቸው፤ አይጨመሩም፣ በተጋጩ ቁጥር ግን ይቀንሳሉ። «ታዲያ ኤሌክትሪክ ለምን አትገዛም?» ለምትሉኝ፣ እኔ የምኖረው አንድ ቆጣሪ ለአራት ቤት በሚሠራበት ግቢ ነው። ምጣድ ማን ቀድሞ ይጣድ በሚለው እንኳ ገና አልተስማማንም።

በወረቀት ላይ ሁለቱ መኪኖች እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሴሊካዋ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ሃዩንዳዩ 2 ሊትር፤ የሁለቱም ጉልበት ወደ 140 ፈረስ ይጠጋል። ሁለቱም በፊት ጎማ የሚነዱ፣ ሁለቱም ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር። ችግሩ ይህ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል ላይ መሆኑ ነው። ጳውሎስ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሠፈር ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ከ140ዎቹ ፈረሶች 35 ያህሉ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ስትጀምሩት ደግሞ ከቀሩትም ጥቂቶቹ ይለግማሉ።

ሴሊካ ሌላ ዓይነትም አላት፤ ከያማሃ ጋር የተሠራ ሞተር ያላት፣ 180 ፈረስ የምትባለዋ። የዚያች ሞተር እውነተኛ ባሕርይ የሚወጣው ቆጣሪው 6,200 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው ይላሉ የሚያውቋት። ከጳውሎስ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ቆጣሪው 6,200 የሚደርሰው፣ ማርሹን ነፃ ላይ አድርጎ ለሚናደድ ሰው ብቻ ነው። ከፊት ሚኒባስ፣ ከፊቱ ሲኖትራክ፣ ከእሱም ፊት አህያ። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት የሚነዳ ሰው ባለ 140ዋ ትበቃዋለች ባይ ነኝ፤ ደላላው «ባለ 180 ቢገኝ እኮ...» እያለ ምራቁን ሲውጥ አልሰማሁትም።

መካኒኩ ጋሼ ሁለቱንም አዩልኝ። እሳቸው መኪና ሲያዩ አያወሩም፤ ጨርሰው እጃቸውን በቤንዚን ከታጠቡ በኋላ ነው የሚናገሩት። «የሴሊካዋ ሞተር ኮሮላ ላይ የሚገባው ነው፤ ሶማሌ ተራ ሄደህ የምታጣው ነገር የለም» አሉ። «ግን ይህ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፒስተን ፋሻው ላይ ችግር አለበት፤ ዘይት ይበላል። ፋብሪካው ያስተካከለው በፈረንጅ ከ2002 ወዲህ ነው።» ሃዩንዳዩስ? «ከስሩ ኤላንትራ ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፣ አልዋሽህም። ኤላንትራን ግን ከኮሮላ ጋር ቁጠራቸው እስቲ በዚህ ከተማ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ልጅ አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። «ዘመድስ?» አሉ።

የዘመዱ ነገር የመጣው ሴሊካዋን በሞከርኩባት ዕለት ነው። ሻጩ ከውጭ አገር የተመለሰ፣ ጨዋ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ አጠገቤ ተቀምጦ ከዊንጌት አደባባይ ወደ አስኮ እየነዳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ነበረች። ከደጀን ተነስታ አውቶቡስ ተራ ወርዳለች፤ በማግስቱ የጉልበቷ ቀጠሮ ነው። «ልጄ፣ ጤፍ ይዣለሁ፤ ብቻዬን አልችልም» አለች። ሻጩ ሰምቶ ኖሮ «ችግር የለም፣ እናምጣቸው፤ መኪናዋንም በደንብ ታያታለህ» አለኝ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ አንድ ወያላ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ወንድሜ፣ ሌሎቹን ሁለት በሮች ማን ነቀለብህ?» አለ። አልመለስኩለትም። አክስቴ ግን መኪናዋን አላየቻትም፤ ከኋላዋ የቆመውን ላዳ ነው ያየችው። ሴሊካ እኮ ቁመቷ 1.30 ሜትር ብቻ ነች፤ የአክስቴ ነጠላ ከላይዋ ያልፋል። ሻጩ ወርዶ «እናቴ፣ እርስዎ ከፊት ይግቡ» አለና እሱ ወንበሩን አጥፎ ወደ ኋላ ገባ። ገባ ማለት ተጣጠፈ ማለት ነው። ጤፉ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በሚገባ ተኛ፤ ይህን ለመኪናዋ እመሰክራለሁ። አክስቴ ያመጣችው የቅቤ ቅል ግን ሙቀት እንዳያገኘው ተብሎ የሻጩ ጭን ላይ ተቀመጠ።

አክስቴ ስትቀመጥ ያልጠበቀችው ዝቅታ ገጠማትና «በስመ አብ!» አለች። «ልጄ፣ መሬት ላይ ነው እንዴ የምሄደው?» እስከ ጳውሎስ ድረስ በየብሬከሩ ስትጸልይ መጣን። እኔም በየብሬከሩ መኪናዋን በሰያፍ እያሳለፍኩ ጸሎቱን ደገፍኩ።

ጉዱ የመጣው ከግቢያችን በር ላይ ስንቆም ነው። የሁለት በር መኪና በር ረጅም ነው፤ በእኛ ቅያስ ደግሞ ግማሽ ከተከፈተ በኋላ ግንብ ይነካል። በዚያ ላይ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ የአክስቴ ጉልበት ደግሞ የማይታጠፍ። ወደ ቀኝ ብትል ግንብ፣ ወደ ላይ ብትል ጣሪያ። እሷ ካልወጣች ወንበሩ አይታጠፍም፤ ወንበሩ ካልታጠፈ ሻጩ አይወጣም። እኔ እጇን ይዤ ስስብ፣ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ብብቷን ደግፎ ሲስብ፣ አክስቴ «እኔን! እኔን!» ስትል ቅያሱ ሞላ። ከሆስፒታል አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ሁለት ወንዶች አንዲት አሮጊት ከመኪና ሲያወጡ ካየ ሌላ ነገር አያስብም። ከማዶ ያሉት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። አንድ የእድር አባል ድንኳኑ የት እንዳለ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ። አክስቴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ ጉልበቷን ረሳችና በራሷ ኃይል ተነስታ ቆመች። «ማን ሞተ?» አለች።

በዚህ ሁሉ መሃል ሻጩ ከኋላ ወንበር ላይ ቅሉን ታቅፎ ዝም ብሎ ነበር። ሲወጣ አንገቱን ይዞ «እዚህ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም ነበር» አለ። ቡና ከጠጣ በኋላ ዋጋውን እኔ ሳልጠይቀው ቀነሰ። እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ሃዩንዳዩን የሞከርኩት ደግሞ ቀብር በነበረበት ቀን ነው። የእድራችን ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎችን እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ እንዳደርስ ለመኑኝ፤ በእኛ ሠፈር መኪና መሪ የያዘ ሰው የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሽማግሌዎቹ እንደ ምንም ገቡ። ወንበሩ ላይ እንኳ ብዙም አልተጉላሉም። ግን የኋላው መስተዋት ተንጋሎ የሚወርደው በቀጥታ ከጭንቅላታቸው በላይ ነው፤ የአበባውን ጉንጉን ከኋላ አስቀምጬ ስዘጋው የአንደኛው ጋሼ ባርኔጣ እስከ አፍንጫቸው ወረደ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እንደምንቀበር አውቃለሁ፤ አሁን ግን ገና ነው» አሉ ብቻ። በኮብልስቶኑ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰው ጭኖ ማርሚታው ድንጋይ እየነካ ስለሄደ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሞተሩን ግን አመሰግናለሁ፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከሴሊካዋ በተሻለ ትዕግሥት ነው የወጣው፤ ብዙ ሳይጮህ።

ሴሊካዋን ገዛሁ። ሃዩንዳዩ ለዳገት ይሻላል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤንዚን በ2017 በሊትር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ፣ ቀለል ያለችው፣ ትንሽ ሞተር ያላትና ዕቃዋ ሶማሌ ተራ የሚገኘው ለዕለት ኑሮ ትመረጣለች። ዘይቱንም ሳምንት ሳምንት እጨምራለሁ፤ መካኒኩ ጋሼ እንዳሉት ትበላለች፣ ግን ቀምሳ ነው እንጂ ጠግባ አይደለም። አክስቴ አሁን ስትመጣ ከአውቶቡስ ተራ በሚኒባስ ነው የምትመጣው፤ ጤፉን እኔ በሴሊካዋ አደርሳለሁ።

እናንተም ሴሊካ ለማየት ከሄዳችሁ፣ በፈረንጅ ከ2002 በፊት የተሠራች ከሆነች በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ፤ የዘይቱን መለኪያ በራሳችሁ እጅ መዛችሁ እዩ፤ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ የፋሻውን ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንሱ። ሻጩንም ከኋላ አስቀምጡት። ጉልበቱን የሚያመው ዘመድ ካላችሁ ግን ቪትዝ ግዙ።