ማዕድን እንጂ ማዕድ የላትም

«ሀብታም ሀገር በምናብ መፍጠር እኮ ቀላል ነው» ይላል ይህ ልብወለድ ጸሐፊ ወዳጃችን። ስሙልኝማ! «ተራራዋን ወርቅ፣ ወንዟን ወተት አደርጋለሁ። ፀሐይ አትጠልቅባትም። ዘንዶ ይጠብቃታል። ከዚያ ንጉሡን ማንገሥ ነው።» ይህን የሚለው ደግሞ የት ቁጭ ብሎ መሰላችሁ? ምሥራቅ ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው! የሰቲት ወንዝ በቅርብ እየፈሰሰ፣ ሰሊጡ ፊቱ ተዘርግቶ፣ የጀበና ፍንጃል በእጁ ይዞ!

አንተ ወንድምዓለም፣ ፀሐይ የማትጠልቅባት ሀገር ፈጠርክ፤ እሺ። ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ቀን እያለ ቀን ሠራተኛው የት ገባ? ይህን ሁሉ ገጽ ስትሞላ አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ አልታየም። ልብወለድህን የሚያርምልህ አታጣም፤ የጠፋው ሰሊጡን የሚያርም ነው። ማዕድን አለ፣ ማዕድ የለም። ካርታም ስለሃል፤ ግን የመሬት ሳይሆን የቁማር ካርታ ነው የሚመስለው፣ በየገጹ ይበወዛል። ንጉሥህ ዘውድ ደፍቷል፤ ታሪክህ ግን ሚዛን አይደፋም።

ወንዟ ደግሞ ወተት! በዚህ ሙቀት? ጠዋት የተለቀቀ ወተት ቀትር ላይ እርጎ፣ ማታ አይብ ነው። ሕዝብህ ሊዋኝ ገብቶ ተንጦ ይወጣል! ይልቅ ሰቲትን ዞር ብለህ እየው። ላስታ ላይ ተከዜ ሆኖ ይነሣል፣ ሑመራን አልፎ ይመጣል፣ ከአትባራ ይገናኛል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይደፈርሳል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፣ ደግሞ በዚህ እንዳትሟገተኝ) እነዚህን ወንዞች ሊያይ መጥቶ፣ ግብፅን ያበለጸገው ደለል ከዚህ እንደሚሄድ በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈ። ወንዝህ ወተት ከሚሆን ጭቃ ቢሆን ኖሮ ስንት ፒራሚድ በሠራህበት!

«የኛ ቦታ ድሃ ስለሆነ ነው አርቄ ያለምኩት» ትለኛለህ። እንዴ! አንተ ወዲያ ስትመኝ፣ ወዲያ ያሉት ስንት ዘመን ወደዚህ ሲመኙ እንደኖሩ ማን በነገረህ! በ1165 ገደማ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ጻፈው የተባለ ደብዳቤ፣ ለቢዛንታይኑ ማኑኤል ኮምኔኖስ ተላከ ተብሎ አውሮፓን አዳረሰ። ሰባ ሁለት ነገሥታት ይገብሩለታል። ከገነት የሚወርደው ወንዙ ዕንቁ ያንከባልላል። በሀገሩ ድሃ የለም፣ ሌባ የለም፣ ውሸታም የለም። ደብዳቤው ራሱ ከአናት እስከ ግርጌ ውሸት ነው እኮ! ውሸታም የሌለባትን ሀገር ያስተዋወቀን ውሸታም ነው። መጀመሪያ ሕንድ ነች አሉ፤ ኋላ አውሮፓ ጣቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ።

ይህ ንጉሥ በየቀኑ 30,000 ሰው ከገበታው ያበላል ይላል ደብዳቤው። እዚህ ላይ ከአንተ ይሻላል፣ ቢያንስ ገበታ ትዝ ብሎታል። የወጥ ቤቱን አለቃ ግን ማን አደረገው? ንጉሥም አበምኔትም የሆነ ሰው! ጉድ በሉ፤ ለ30,000 ሰው ሽንኩርት የሚከትፈው ዘውድ የደፋ መነኩሴ ነው። እንባው የንስሐ ይሁን የሽንኩርት ማን ይለየዋል? ድሃ የለም ካልክ፣ ድስቱን የሚያጥበው ንጉሥ ነው ማለት ነዋ! አንተም እንደዚያው ነህ፤ በሀገርህ ሁሉም ለብሶ ይታያል፣ ያጠበለት ግን አይታይም።

ሰዉ ደግሞ አመነ። ጳጳሱ አሌክሳንደር ሦስተኛ በ1177 መልስ ጽፈው ፊሊጶስ በሚባል ሐኪማቸው እጅ ላኩ። ለሌለ ንጉሥ ሐኪም! የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዮሐንስ ሁለተኛም በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያን ይህንኑ ንጉሥ እንዲፈልግ ሰደደው። ኮቪልያ እውነተኛው የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ርስትም ሚስትም ተሰጠው፤ መመለሻ ግን ተከለከለ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ከቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ እዚያው አገኙት። ተረት ፍለጋ ሄዶ ባለትዳር ሆኖ ቀረ!

አልቫሬዝ ግን ሰው ነበር፣ ዓይን የነበረው ሰው። ዕንቁ የሚያንከባልል ወንዝ አላገኘም፤ ያገኘው ጨው ነው። ገበያው በጨው ይገበያያል፣ ጨው ገንዘብ ነው፣ ከማውጫው በራቅህ መጠን ደግሞ ያችው አሞሌ ብዙ ትገዛለች። ነጋዴው በየተራራው ለምን እንደሚወጣ፣ በቅሎዋ ለምን እንደምትከበር፣ ኬላ ጠባቂው ለምን እንደሚወፍር በአንድ ጊዜ ገባህ አይደል? በ1540 በታተመው መጽሐፉ፣ በጨው ወሬ ብቻ፣ ደብዳቤው በዕንቁ ክምር ያልሠራውን ሀገር ሠራ። አንተ ግን ተራራ ሙሉ ወርቅ ይዘህ ጨው ረሳህ። ታሪክህ አልጫ ነው!

«ዋካንዳስ?» አልክ? ጠብቄህ ነበር! ዋካንዳ የምትባለውን የኮሚክ ሀገር ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966 ፈጠሯት፤ በ2018 በወጣው ፊልሟ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች። አከብራታለሁ። ግን በፊልሙ ገበሬውና እረኛው ምንድን ነው? ማስመሰያ! ዓለም ድሃ ነች ብሎ እንዲተዋት ላይ ላዩን የተለበሰ ጋቢ። እዚህ በገዳሪፍ አካባቢ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ገበሬው ማስመሰያ ሳይሆን ሀብቱ ራሱ ነው። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የነፃ ንግድ ሸሪኮቹ ዝርዝር ውስጥ ዋካንዳ ተገኘች። ለሙከራ የገባ መረጃ ነው ብለው አነሡት። ምን ምን ተመዝግቦላት እንደነበር ታውቃለህ? ዳክዬ፣ አህያ፣ የወተት ላም! አየህልኝ? የግብርና ቢሮ ሰው በስሕተት እንኳ ሀገር ሲያስብ አህያ ያስባል። አንተ አስበህበት፣ ተጨንቀህበት፣ ዘንዶ አመጣህ! ዘንዶ ጭነት ይጭናል?

ስለ ዘንዶህም ላርዳህ። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የግብፅ ተረት ጸሐፊ ቀድሞሃል። መርከቡ የሰመጠችበት መርከበኛ አንዲት ደሴት ላይ ይወድቃል፣ ገላው በወርቅ የተለበጠ ታላቅ እባብ ይቀበለዋል። መርከበኛው ሲያመሰግን ዕጣን በመርከብ እልክልሃለሁ ይለዋል። እባቡ ሳቀበት! እሱ የፑንት ጌታ ነው፤ የሽቶው ሙጫ ሁሉ የራሱ ነው። ለዕጣን ሀገር ዕጣን መላክ! ከነመልሱ የመጣ የመጀመሪያው ተራቢ እባብ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ፑንት የት ነበረች ስትል ደግሞ፣ ሊቃውንቱ ከምሥራቅ ሱዳን እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ ያለውን ምድር ይጠቁማሉ። አርኪዮሎጂስቱ ሮዶልፎ ፋቶቪች ከሰላ አጠገብ ማሐል ተግሊኖስ ላይ ቆፍሮ፣ የጋሽ አካባቢ የፑንት ክፍል ነበረ ብሎ ተከራክሯል። ሰውየው አካፋ ይዞ ጎረቤትህን ሲቆፍር፣ አንተ እስክሪብቶ ይዘህ ጨረቃን ትቆፍራለህ።

«እንደ ዋካንዳ ቪብራኒየም ያለ ተአምረኛ ማዕድን ያስፈልገኛል» ካልክ፣ ግራሩ ሥር ሂድ። ሙጫ! ልጡ ተልጦ የሚንጠባጠበው ሙጫ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ገብቶ፣ ጣዕም የሚሰጠው ዘይት ከውኃው እንዳይለይ ይይዘዋል። አሜሪካ በ1997 ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሁሉን ዘጋች፣ ሙጫው ላይ ግን ሙጭጭ አለች! እሱን ለይታ ፈቀደች። ኃያል ሀገር በግራር እንባ ስትለመን ከማየት የበለጠ ምን አስማት ትፈልጋለህ? ልብወለድ ውስጥ ብትጽፈው «አልተጋነነም ወይ?» ይሉሃል።

አሁን ወደ ሰሊጡ ና። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ፍሬውን የያዘው ከረጢት ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል፤ አንድ ሳምንት ከዘገየህ ሀብትህን መሬት ይበላዋል። ስለዚህ ሳይደርቅ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና ፀሐይ ይመታዋል። ከዚያ ሸራ ይነጠፋል። አራጋፊው ነዶውን የሚያነሣው እናት የተኛ ሕፃን እንደምታነሣ ነው፣ ቀስ አድርጎ። ሸራው ላይ ሲደርስ ይዘቀዝቀዋል፣ በዱላ መታ መታ ያደርገዋል፣ ፍሬው ይረግፋል። ሲያነሣ እጁ ከተንቀጠቀጠ የባለሀብቱ ትርፍ መንገድ ላይ ቀረ። ያን እጅ አይተሃል? ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የወረደ እጅ ነው። ሠራተኛውን ሳሉግም በለው ደገኛ፣ መተማን፣ ሑመራን፣ ገዳሪፍን ያቆመው እሱ ነው። ቁርጥ ተነጋግሮ ይሠራል፤ አንተ ቁርጥ ስትባል ሥጋ ታስባለህ! አንድ ምዕራፍ ሙሉ ለንጉሡ ካባ ሰጥተህ ለዚህ እጅ አንድ መስመር ነፈግኸው። ይኸ ያናድደኛል፤ እውነቴን ነው።

«ጭራቅስ የላችሁም» ብለህ እንዳትኮራብን። አለን! ከትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ። ቀን በዋልካው ስንጥቅ ትደበቃለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ ሜዳ የሚያድረውን ሠራተኛ ትነድፋለች፣ ካላዛር ትሰጠዋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውየው ይመነምናል፤ ካልታከመ ይሞታል። ዘንዶህ እሳት እየተፋ ሩቅ ስለሚታይ ይሸሹታል፤ ይህቺ ሳትታይ ትጨርሳለች። ጠንቋይህ አሥራ ሁለት ዓይነት ድግምት ያውቃል፤ እስቲ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን አጎበር አድርግልኝ!

ሀብት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ደግሞ «ድሮም ነበረ» ብለህ ታልፋለህ። ድሮም የሚባል ባለሀብት የለም። የገዳሪፍ የትራክተር እርሻ በ1944 ጋደምባሊያ ላይ የተጀመረው፣ በዓለም ጦርነቱ እንግሊዝ ወታደር የምታበላው ማሽላ ስለፈለገች ነው። የከተማዋን ትልቅ ጎተራ በ1960ዎቹ ሶቪየቶች ሠሩት፤ 100,000 ቶን እህል ይይዛል። በአትባራና በሰቲት ላይ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በ2017 ተመረቁ፤ 320 ሜጋ ዋት። ጦርነት፣ ባዕድ መንግሥት፣ ግድብ! ግድብ ሲሠራ መንደር ይነሣል። በአንተ ሀገር ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት ሲቆም ማን ተነሣ? ማንም! ሁሉም ተቀምጦ ነው የበለጸገው። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር ስንት ሰው ወደዚህ ሸሸ? ከሕንፃው ወደ እርሻው ነው የሮጠው። የአንተ ሕዝብ ጦርነት ሲመጣበት ወዴት ይሸሻል? ወደ ወርቁ ተራራ? ወርቅ ቆርጥሞ ሊያድር?

«እንግዲህ ተረት ነው፣ ሁሉን አትመርምር» ትለኛለህ። አይ፣ እመረምራለሁ! የሰሊጥ ነጋዴ በጣቱ አፍሶ አይቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ መዝኖ ነው የሚገዛህ፤ አንባቢ ከሱ ያነሰ ነው እንዴ? ደላላህን አሳየኝ። ኬላህን አሳየኝ። ሐምሌ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ጭነቱ የት እንደሚያድር አሳየኝ። ባለርስቱ የቆረጠውን የቀን ሒሳብ ሲያጓድል ሠራተኛው የት እንደሚከስ አሳየኝ።

ይህ ሁሉ በዛብኝ ካልክ አንድ ብቻ ልጠይቅህ፣ ጀበና ቤቱም ይስማ። ዋናው ገጸ ባሕርይህ ከወርቁ ተራራ ወርዶ ጠጅ ቤት ገባ፤ አንድ ብርሌ ጠጣ፤ ወርቅ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ። ተራራው ሁሉ ወርቅ፣ ጠጠሩ ሁሉ ወርቅ፣ ልጆቹ የሚወራወሩበት ወርቅ። የጠጅ ቤቷ እመቤት መልሱን በምን ትሰጠዋለች? በል ንገረን! ... አያችሁልኝ? መልስ የለውም!