ጎብኚው በፈረስ አጠገብ፦ የባሕርይ ጥናት

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ተመራማሪ ያልተከታተለው የደጋ እንስሳ አለ ለማለት ያስቸግራል። ቀይ ቀበሮ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ተመዝግቧል። የደጋ አጋዘን ተቆጥሯል። ፍልፈል እንኳ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ዓለምን ታዝቦ የሚመለሰው ፍልፈል፣ የራሱ ሊቃውንት አሉት። ሳይጠና የቀረው አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ በሮቤ ወይም በጎባ በኩል በመኪና ይመጣል፣ ስልኩን ከዓይኑ አያርቅም፣ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሲያይ ደግሞ ባሕርዩ በድንገት ይለወጣል። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም መስከረም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ይህን ፍጡር ሳያጠኑ መቆየት ለሳይንስ ነውር ነው።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ከፈረሱ ጎን ቆሞ ጎብኚውን ማየት። ከጎብኚው ጎን ቆሞ ፈረሱን ማየት ቀድሞ በብዙዎች የተሞከረ ሲሆን ውጤቱ በየስልኩ ውስጥ ይገኛል።

ስለ ፈረሱ ጥቂት እንበል። የባሌ ፈረስ በሀገራችን ተለይተው ከታወቁት ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ነው። ቁመቱ በፊልም ከምናያቸው የፈረንጅ ፈረሶች ያንሳል፤ ጎብኚውን የሚያሳስተው አንዱ ነገር ይህ ነው። ባለአገሩ በእሱ ገበያ ይወጣል፣ እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ለሠርግ ወይም ለእንግዳ አቀባበል የተጠራ ዕለት በቀይና በቢጫ ክር ያጌጣል፤ ግንባሩ ላይ ዘርፍ ይንጠለጠላል፤ ኮርቻው በደማቅ ጨርቅ ይሸፈናል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ጎብኚው ያጌጠ ሁሉ ለእሱ ሲባል የቀረበ ጌጥ ይመስለዋል። ለፈረሱ ግን ያጌጠበት ቀን ዋናው የሥራ ቀኑ ነው፤ እልልታው፣ ሆታው፣ ግፊያው፣ አጠገቡ የቆመው የማያውቀው ድንጉላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣበታል።

የፈረስ ዓይን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተተከለ ዙሪያውን ሊያይ ምንም አይቀረው። የማያያቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ልክ ከኋላው፣ እና ልክ ከግንባሩ ሥር። የሚገርመው፣ ጎብኚው ከዚያ ሁሉ ሰፊ ሜዳ መርጦ የሚቆመው ከሁለቱ ባንዱ ነው። አንዱ የጅራቱን ጌጥ በቅርበት ሊያነሣ፣ ሌላው ግንባሩን ሊዳብስ። ይህን በአጋጣሚ ማስረዳት ስላልተቻለ ተሰጥኦ ነው ብለን አልፈናል።

እዚያው ባሌ፣ ዲንሾ ላይ፣ የተጓዥ ጓዝ የሚጭኑ ፈረሶች በሚቆሙበት፣ ከአዲስ አበባ የመጣች እህት ከአንድ ባለፈረስ ጋር ያደረገችው ውይይት ለጥናቱ እጅግ ጠቅሟል።

«ይራገጣል እንዴ?»

«አይራገጥም እህቴ። ግን እዚያ አትቁሚ።»

«አይራገጥም አላልክም?»

«አንቺ እዚያ ካልቆምሽ አይራገጥም።»

አመክንዮው እንከን የለበትም። ፈረሱ በዚህ መሐል ሁለት ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ ነበር፤ ይህም በፈረስ ዘንድ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። እህታችን ግን «ውይ ሲያምር፣ እየሰማን ነው!» አለች። ባለፈረሱ ዛቡን ጎተት አድርጎ የፈረሱን ፊት አዞረ፤ ሳይንስም አንድ መረጃ አጣ።

ከሁሉም ደፋሩ መጋቢው ጎብኚ ነው። ብስኩት በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ይዞ ወደ ፈረሱ አፍ ይሰድዳል። ፈረስ ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም፤ በከንፈሩ ዳብሶ ነው የሚለየው። ስለዚህ በብስኩትና በጣት መካከል ያለው ልዩነት ለፈረሱ ግልጽ አይደለም። ለጎብኚው ወዲያው ግልጽ ይሆናል። (በቅሎ «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ማለቷ የታወቀ ነው፤ በቅሎዋን ራሷን ፈረስ ነሽ ብሎ ብስኩት የሚያጎርሳትም አልጠፋም። አልተቃወመችም።)

ባሕርዩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ የንጉሡ ዘበኞች በፈረስ ላይ ሆነው በሚቆሙበት በር፣ ፈረሶቹ ሊራገጡና ሊነክሱ እንደሚችሉ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጎብኚዎች ማስታወቂያውን በጥሞና ፎቶ ያነሡታል፤ ከዚያ ሄደው ልጓሙን ይይዛሉ። በሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም የእነዚሁ ዘበኞች ፈረሶች ልምምድ ላይ ሳሉ ከግንባታ ቦታ በወደቀ ዕቃ ድምፅ ደንብረው፣ ጋላቢዎቻቸውን ጥለው መሐል ከተማውን አቋርጠዋል፤ ሰውም ፈረስም ቆስሏል። ለንጉሥ ሰልፍ የሠለጠነ ፈረስ ከደነበረ፣ ትናንት ገብስ የጫነው ፈረስ ጆሮው ሥር ለሚጮኽ ሙዚቃ ምን ዕዳ አለበት?

ትልቁ ቤተ ሙከራ ያለው ግን እንጅባራ ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። ጎብኚው ምርጡ ፎቶ ከፊት ለፊት የሚነሣው እንደሆነ ያውቃል። ፈረሰኛው ደግሞ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ባሰኘው ቦታ እንደማይቆም ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች የሚገናኙት ሜዳው መሐል ነው።

ድሮ ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ስሙ የሚገኘው ከፈረሱ ጋር ዘምቶ ነው። የዛሬው አባ ሰልፊ ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ እርካብ ረግጦ ይወጣል፣ ለሁለት ደቂቃ «ፈረሴ» ይላል፣ ስሙን ሳይጠይቅ ይወርዳል። ማለዳ ተነሥቶ ፈረሱን ያጠበውና ያስጌጠው ሰው ሒሳብ ሲጠይቀው ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እንስሳት መብት ማሰብ ይጀምራል።

ጥናቱ ይቀጥላል። እስከዚያው ወደ ባሌም ሆነ ወደ እንጅባራ የምትሄዱ፦ አስቀድማችሁ ለባለፈረሱ ሰላምታ ስጡ፣ ሒሳቡንም ያኔውኑ ተነጋገሩ። እየተናገራችሁ በትከሻው በኩል ቅረቡ፤ ከኋላው አትዙሩ፤ ልጓሙን አትንኩ፤ ጉግስ ሲጀመር ከሜዳው ውጡ። ብስኩቱን ራሳችሁ ብሉት።