ለጀማሪ ዘንዶ የተሰጠ ምክር

ወዳጄ፣ አብሽሩ። ጓደኞችዎ እዚህ ሐይቅ ከተማ ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው «ዘንዶው አንተ ነህ» ብለው ፈርደውብዎታል። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት ነው። ጀግኖቹ ሰይፍ መዘው ወደ ዋሻዎ ይመጣሉ። እርስዎ ወርቁ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። ጀማሪ ዘንዶ እዚህ ላይ እሳት ይተፋል። ከዚያ ይሞታል። እርስዎ አይቸኩሉ፤ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

1. ከቀደሙት ይማሩ። የእኛው የተረት ዘንዶ አርዌ 400 ዓመት ነገሠ ይባላል። አገሬው ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። ምን ገደለው? ፍየል። አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል አቀረበለት፤ እሱም በሞዴል 19 ገቢ ሳያደርግ ዋጣት። ይህን ያህል ዘመን ሥልጣን ላይ ቆይቶ አንድ ንብረት ክፍል አላቋቋመም። ያሳዝናል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ዘንዶም እንዲሁ ነው። በአካባቢው ሲነገር እንደኖረው፣ ክርስትና ከመግባቱ በፊት ሰዉ የሚያመልከው ዘንዶ ነበር፤ አንድ መነኩሴ መስቀሉን ይዞ ሲመጣ ጠፋ። ዙሪያውን ውኃ ከቦት ሳለ! «ታንኳ የሚፈቀደው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው» ማለት አቅቶት። ዛሬ ደሴቱ ከየብስ ተያይዞ በእግር ይገባል። ስለዚህ በውኃ አይተማመኑ። ኮሪደር ይሥሩ።

2. ጸሐፊ ይቅጠሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች በጥንቱ ቤተ መንግሥት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባል ትልቅ ማዕረግ ነበራቸው፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ማዕረጉ ቀርቷል። ሰዓቱን ግን አሁንም በየቢሮው በር ላይ የሚጠብቅልን አላጣንም። ጀግናው ሲደርስ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትበለው። ዋሻው ውስጥ ብቻዎን መሆንዎ አያስጨንቅዎ። ዘንዶ ከራሱ ጋር መሰብሰብ ይችላል፣ በተለይ ራሱ ብዙ ከሆነ።

ስለ ራስ ካነሣን፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቲያማት የምትባል ባለአምስት ራስ ዘንዶ አለች። ልጆቹ ሲያዩዋት ይደነቃሉ። እኛ በ1969 ዓ.ም. አይተናታል፤ ኢማሌድኅ ትባል ነበር። ራሶቿ የፖለቲካ ድርጅቶቹ መኢሶን፣ ወዝሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ሰደድ ነበሩ። የመጨረሻዋ ፊደል «ኅብረት» ማለት ናት። በሁለት ዓመት ግድም ሰደድ ብቻውን ቀረ። ተጫዋቾቹ የጀግኖችን ቡድን «ፓርቲ» ይሉታል፤ ሁሉም ሲያልቁ «ቲፒኬ» ብለው ይጮኻሉ፣ ፓርቲው በሙሉ ሞተ ለማለት ነው። አዲስ ነገር እንደነገሩዎት ሆነው ይስሟቸው።

3. ይህ የምክሬ ልብ ነው፦ ምኅፃረ ቃል ይያዙ። ስም ያለው ዘንዶ ይገደላል። ምኅፃረ ቃል ያለው እንደ አዲስ ይዋቀራል። ሩቅ አይሂዱ፤ «ዘ.ን.ዶ.» ይበሉት፣ ዘላቂ የንብረት ዶሴ። በዶሴ ላይ ማን ሰይፍ ይመዛል? ስሙንም አልፎ አልፎ ያሳጥሩት፣ ግን በትዕግሥት። የደርግ ዘመኑ ፓርቲ አደራጅ ኢሠፓአኮ በታኅሣሥ 1972 ተቋቁሞ ኢሠፓ የሆነው በመስከረም 1977 ነው። ሁለት ፊደል ለመጣል አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ኋላም ቢፒአርና ቢኤስሲ መጥተውልናል። ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ ግድ አይልም። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው፤ ባለጉዳዩ እያነበበ ይውላል።

4. አሁን ጨዋታው ይጀመር። የተጠበሰ ቆሮሶ ከነሎሚው ይቅረብ፤ ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ያለ ዓሣ አይጫወቱም። ጀግናው ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ይወረውራል። 20 ከወጣ ምቱ አይስትም ይባላል። እንበልና 20 ወጣለት። ጓደኞቹ ጮኹ፤ አንዱ የዓሣውን ራስ በእጁ እንደያዘ ተነሣ። አይደንግጡ። ፈገግ ብለው «ሃያ ቁጥር ነህ ወንድሜ፣ አሁን የገባው ሦስት ቁጥር ነው» ይበሉት። ወንበር ይስጡት። ወንበር የተሰጠው ሰው አይዋጋም። በሚቀጥለው 1 ቢወጣለት እንኳን ደስ አለህ ይበሉት፤ ወረፋው አንደኛ ነው። ኃላፊው ገና አልገቡም።

በነጻ ጊዜው ማመልከቻ ይጻፍ፦ «ጉዳዩ፦ ዘንዶ ለመግደል ፈቃድ ስለመጠየቅ»። ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዝ። ደብዳቤው «ለዘ.ን.ዶ.» የሚል ከሆነ፣ ስማችን ባለፈው ሳምንት ስለተለወጠ አስተካክሎ ይመለስ። ሲነግሩት ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ከአምባሰል ተራራ ወርዶ የመጣ ልጅ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ስንቁ ዳቦ ቆሎ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አምባሰል ቢያንጎራጉር አይከልክሉት። ከአራቱ ቅኝቶች ለወረፋ የሚስማማው ትዝታ ቢሆንም፣ ለእሱ ገና ነው።

5. ሰይፉን አይርሱ። በሩ ላይ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ይለጠፍ። ያስረክብዎ። የአርዌን ስሕተት አይድገሙ፤ በሞዴል 19 ገቢ ያድርጉለት። ካርቦኑ እስከ መጨረሻው ቅጠል መድረሱን ገልጠው ይዩ። ደረሰኙን በሁለት እጅዎ ይስጡት፤ አክብሮት ነው። ሰይፉን ከወርቁ ጎን ያኑሩት።

ሲመሽ «ሰይፌን ልውሰድና ልሂድ» ሊል ይችላል። መብቱ ነው፤ ይህንኑ ይንገሩት። ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። የሞዴል 22 ጥራዝ አልቋል፤ ከደሴ ሲመጣ ይደወልለታል። ስልኩን ይመዝግቡ።