የቀኝ ጥግ ጣጣ

የልጅ ልጄ ካሜራ ከገዛ ሦስት ወሩ ነው። እስካሁን አንድ ሰው አላነሳበትም። የሚያነሳው ግድግዳ ነው! የሳሎኔ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፎ ጠዋትም ማታም ያነሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጥጉን ብቻ አጉልቶ ያፈጥበታል።

«አባባ፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሌንሱን ልመልሰው ይሆን?»

በእኛ ጊዜ ፒያሳ ፎቶ ቤት የመጣ ሰው ዓይኑ ከተገለጠና ነጠላው ከነጣ መርቆን ነበር የሚሄደው። የፎቶውን ጥግ የመረመረ ሙሽራ አላየሁም።

«በስንት ከፍተህ አነሳኸው?»

«በ1.8።»

አዬ ልጄ! አፉን በርግዶ የከፈተ ሌንስ ጥጉ ቢለሰልስ ምን ይገርማል? 5.6 ወይም 8 ላይ አጥብበው፣ አብዛኛው ይጠራል። እስከ 22 ግን አታንቀው፤ ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ ይበተንና መሀሉም አብሮ ይፈዛል። አራቱም ጥግ እኩል ከለሰለሰ ተፈጥሮው ነው፣ ተወው። አንዱ ብቻ ከሆነ ከውስጥ ካሉት መስታወቶች አንዱ ዘሞ ተገጥሞ ይሆናል። ወይም አንተው ዘመህ ቆመሃል። ካሜራውን ዘቅዝቀህ ድገመው፤ ድብዝዝታው ጋዜጣውን ተከትሎ ከዞረ ጥፋቱ የአንተ አቋቋም ነው፣ በፎቶው በዚያው ጥግ ከቀረ የሌንሱ።

ጓደኛውስ! እሱ ደግሞ የሶቪየቱን ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ አፈላልጎ የገዛው ጠርዙ ስለሚደበዝዝና ከሰው ኋላ ያለው ቅጠል ስለሚሽከረከር ነው። አንዱ የሚመልሰውን ሌላው ከፍሎ ይወስደዋል።

ምነው ምላሴን በሰበሰብኩ። የልጅ ልጄ «እስቲ የአንተንም እንየው» ብሎ ሠላሳ ዓመት ሠርግ ያነሳሁበትን ሌንስ ከሳጥን አወጣና በአዳፕተር ገጠመው። ሦስቱ ጥግ ጥርት ያለ ነው። የቀኙ የታችኛው ግን ጋዜጣው ገንፎ መስሏል። አጠበብነው፣ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ዘቀዘቅነው። ንቅንቅ አላለም።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

በየሠርጉ ጨለማ አዳራሽ ሌንሱን ከፍቼ ሳነሳ፣ ፊት ረድፍ በቀኝ ዳር የሚቀመጡትን እናቶች «እማማ፣ አይነቃነቁ ብዬዎት አልነበር!» እያልኩ ስቆጣ ኖሬአለሁ። አንዷማ «ኧረ ልጄ፣ ትንፋሼንም ይዤ ነበር» ብለውኝ፣ አላመንኳቸውም።

እናንተ በእኔ ፎቶ በቀኝ ዳር ደብዝዛችሁ የቀራችሁ ሁሉ፣ አልተነቃነቃችሁም።