እግር የሌለው መንገድ መሪ

ከዋሽንግተን ተነሥቶ ጥምቀትን ጎንደር ሊያከብር ያሰበ ሰው፣ ጎንደር ያለችውን አክስቱን «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኋላ ቀር ይባላል። አክስት ጣጣዋ ብዙ ነው። መጀመሪያ ጤናውን፣ ቀጥሎ ትዳሩን ትጠይቃለች፤ በመጨረሻም «ቆይ ልጄ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ልንገርህ» ትለዋለች። ቻትቦት እንዲህ ያለ ድክመት የለበትም። ማንንም ሳይጠይቅ፣ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ ይመልሳል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል ነበር፤ እሱ ግን ያላየውን አገር ያስናፍቃል።

የሚያወጣው ዕቅድ ማማርስ! ጠዋት በመኪና ከጎንደር ላሊበላ፤ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ፣ ከምሳ በኋላ ሰሜን ተራሮች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጭላዳ ጋር ፎቶ። ደባርቅ ላይ ፈቃድ ማውጣትና ስካውት መያዝ የሚባል ነገር ስሜት ስለሚያበላሽ ተትቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልልን የናጠው ውጊያና የሚዘጋው መንገድም እንዲሁ። አብረው ለሚጓዙት እናቱም ደብረ ዳሞ ተይዞላቸዋል። ገዳሙ ሴት እንደማያስወጣ፣ ወንዱም በገመድ ተንጠልጥሎ እንደሚወጣ እዚያው ገደሉ ሥር ሲደርሱ ይረዱታል።

ይህን ሊቅ ዋሽቷል ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ሥራው ከተነበበለት የጽሑፍ ክምር ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ነው፤ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ ምን ተዳው?

ጥፋት ቢገኝስ ማን ይጠየቃል? ኤር ካናዳ መልስ ነበረው። አያቱ የሞቱበት መንገደኛ የአየር መንገዱን ቻትቦት አምኖ ሙሉ ዋጋ ከፈለ፤ ለለቀስተኛ ቅናሹ ኋላ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት እንደሚችል ነግሮት ነበርና። ቅናሹን ሲከለክሉት ጉዳዩ ወደ ዳኝነት ሄደ። አየር መንገዱም ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ የሆነ ሌላ ሕጋዊ አካል ነው የማለት ያህል ተከራከረ! በ2024 እ.ኤ.አ. የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት አካል ክርክሩን ውድቅ አድርጎ፣ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፈል ወሰነ።

ያ መንገደኛ ዕድለኛ ነው፤ የሚከሰው ድርጅት ነበረው። ወዳጄ፣ አንተ ግን በተዘጋ መንገድ መሐል ስትቆም ስልክህ «ይቅርታ፣ ልክ ነህ» ብሎ ሌላ ያማረ ዕቅድ ያወጣልሃል። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት በዚያ መንገድ በዚህ ሳምንት የነዳ ሾፌር ፈልገህ ጠይቅ።