በረከቦት ዙሪያ የዓለምን ፖለቲካ ስለመበየን የወጣ አዋጅ

በባሌ የሮቤ፣ የጎባ፣ የዲንሾና የአካባቢው ደጋ ነዋሪ የጠዋቱን ብርድ ሸሽቶ ጀበና ቡና ዙሪያ በተሰበሰበ ቁጥር የዓለምን ጉዳይ ሳይቋጭ የማይነሳ በመሆኑ፤

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለ ዩክሬን ጦርነት ሲወስን 141 አገሮች ደግፈው፣ 5 ተቃውመው፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አድርገው፣ ኢትዮጵያ ግን ጭራሽ ድምፅ ሳትሰጥ ብትቀርም፣ ዕለቱ የዓድዋ በዓል ነበርና ሥራ ያልገባው ሕዝብ በየበርጩማው ላይ ሆኖ በአገሩ ፈንታ ድምፅ ሲሰጥ የዋለ በመሆኑ፤

ይኸው ብያኔ ልክ አጥቶ ሲኒ እስከ መስበር በመድረሱ፤ እኛ የረከቦቱ ታዳሚዎች ሦስተኛው ሲኒ በሚሰጠን ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የረከቦት ዲፕሎማሲ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፣
«ተንታኝ» ማለት ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ያለው፣ ካርድ ግን የሌለው ሰው ነው፤
«ታማኝ ምንጭ» ማለት ውጭ አገር የሚኖር የአጎት ልጅ ነው፤
«ፈረንጅ» ማለት ከኖርዌይ እስከ አርጀንቲና ያለው ሁሉ ሲሆን ቻይናን አይጨምርም። ቻይና ቻይና ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጀግና አመራረጥ
ፑቲንን መውደድ የተፈቀደ ነው። ሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ለመዝመት የተሰለፉ ወንዶች መታየታቸው፣ ኤምባሲውም ተዋጊ አልመለምልም ማለቱ ይታወሳል። ዜለንስኪን መውደድም የተፈቀደ ነው፤ ደጋፊያቸው ግን ጥቂት ስለሆነ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ እንዲቀመጥ ይመከራል።

ሆኖም ማንኛውም ደጋፊ ፍቅሩን ከመግለጹ በፊት የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ከጦርነቱ በፊት ስንት፣ በኋላስ ስንት እንደነበረ በቃሉ መናገር አለበት። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ሩሲያም ከዓለም ዋነኛ የማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ናት። እኛ ደግሞ ማዳበሪያችንን በመርከብ ጂቡቲ አውርደን የምናመጣ ሰዎች ነን። የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ አምራች ይህን ያለ ዩቲዩብ ያውቀዋል፤ የጦርነቱን ድርሻ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ ከፍሎታልና። ስለዚህ በረከቦቱ ዙሪያ ገበሬ ከተገኘ የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ይሆናል። እስካሁን ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ የከተማው ሰው ፋታ አልሰጥ ብሎት ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ትራምፕ
እኚህ ሰው በጥቅምት 2013 ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ሲሉ፣ በ2017 ደግሞ ግድቡ የተሠራው በአሜሪካ ገንዘብ ነው ሲሉ ተደምጠዋል። የግድቡ ቦንድ ሰርተፍኬት ያለው ማንኛውም ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው። ሰርተፍኬቱ የጠፋበት መጀመሪያ ፍራሹን ያገላብጥ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ባህል ልዩነት
«ፈረንጅ እናቱን መጦሪያ ቤት ይጥላል» የሚለው ነባር ብያኔ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሮቤ ተቀምጦ ጎባ ያሉ እናቱን ለመጠየቅ 14 ኪሎ ሜትር መንገድ የከበደው ሰው ይህን መናገር አይችልም። የታክሲ መጥፋት በማመካኛነት አይያዝም።

«ፈረንጅ ሒሳብ ተካፍሎ ይከፍላል» ማለት ይቻላል። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ እየማለ እጁን ከኪሱ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ግን አይችልም።

ፈረንጅ ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቴ መውጣቱን «ሥራ ፈትነት» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረ፣ ከግማሽ የሚልቀውም እዚሁ ባሌ ያለ እንስሳ ነው። የሚኖርበት የባሌ ፓርክ መስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ያጨበጨብን ብዙዎቻችን ቀበሮውን የምናውቀው ከሆቴል ግድግዳ ነው፤ ዋይት ሐውስን ግን በየክፍሉ እንተነትናለን።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሽምግልና
በሞስኮና በኪየቭ መካከል ለመሸምገል የተነሳ ሰው አስቀድሞ ሮቤንና ጎባን ያስታርቅ። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው ሮቤ ቢባልም የዓለም አቀፍ ኮዱ ጂ-ኦ-ቢ መሆኑን የጎባ ሰው ሳይጠየቅ ያስታውሳል። ይህ ክርክር ጄኔቫ ቢሄድም በአንድ ጉባኤ አያልቅም።

አንቀጽ 7፦ ቅጣት
«ከውስጥ ሰው የሰማሁት ነው» ብሎ የውስጡን ሰው መጥራት ያልቻለ የታዳሚውን ሁሉ ቡና ይከፍላል። ደጋሚ ከሆነ የፈንዲሻውንም።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ የመኸሩ ስንዴ ተሰብስቦ ኮምባይነሮቹ ከሲናና ማሳ ከወጡበት ማግስት ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያ የፈለገ ሁሉ እንደለመደው ይበይን፤ ገበሬው ሥራ ላይ ነው።